ስሙን ተዉት፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ በጎጃም መንገድ የሚሄዱ መኪኖች እግር ሲገመገም

ደብረ ማርቆስ ይሁን ባሕር ዳር፣ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የኮሮላ የኋላ ሾክ አብዞርበር አለ?» ላለ ሰው የሚመለስለት «ሞዴሉ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ባለመኪናው ሊብሬውን አውጥቶ ዓመቱን ያነባል፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንዱን ያወርዳል፣ ዕቃው ጋራዥ ሲደርስ አይገጥምም። አሮጌው ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ መኪናው ክሪክ ላይ ነው፣ ሱቁም የተከፈተ ካርቶን አይመልስም። ዓመት ብቻውን የመኪናን እግር፣ ማለትም ጎማውን ከአካሉ ጋር አያይዞ የመንገዱን ምት የሚውጠውን ክፍል፣ አይናገርም። ስለዚህ እዚህ ጎጃም ውስጥ በብዛት የሚታዩትን መኪኖች ከስር በተሸከማቸው ነገር እንመዝናቸዋለን። የትኛው ምን እንደያዘ በዓይን የሚለይበትን መንገድ እናስቀድማለን፤ እሱን ያወቀ ሰው የእኛን ፍርድ ባይቀበል እንኳ የራሱን መስጠት ይችላል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገድ። ለማየት ብቻ ከሆነ ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩና ከተገለጠው ጎማ በስተኋላ በስልክ መብራት ተመልከቱ። ከስር መግባት ግድ ከሆነ ከሻንሲው ስር የብረት ድጋፍ ይቁም። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ስር ጭንቅላት አይገባም።

የፊት እግር ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ሁለተኛ ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) አለ ወይስ የለም? ከሌለ፣ የጎማው ኩሽኔታ ከሚቀመጥበት ትልቅ ብረት ላይ በሁለት ቡሎን የታሰረ ወፍራም ቱቦ ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ሞላው ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ ጫፉም ኮፈኑ ስር ይደርሳል። ኮፈኑን ስትከፍቱ በግራና በቀኝ ባለው ክብ ጉብታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳዶ አለ። ይህ ማክፈርሰን ስትራት ነው። ቱቦው ድንጋጤ ከመዋጥ አልፎ የጎማውን አቋም ራሱ ይዟል፤ ሲፈታና ሲገጠም የጎማው ማጋደል ስለሚለወጥ አላይመንት ሳይደረግ የወጣ መኪና ጎማ ይበላል።

ከላይም ከታችም ብራቾ ካለ፣ ትልቁ ብረትም በሁለት ቦል ጆይንት (በየአቅጣጫው የሚዞር ክብ መገጣጠሚያ) መሃል ከተያዘ፣ ድርብ ብራቾ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ ሞላው የት ነው? ሾኩን ተጠምጥሞ ከሆነ እንደ ሃይሉክስ ቪጎና እንደ ፕራዶ ነው። ሰፊ ሞላ በታችኛው ብራቾ ላይ ተቀምጦ ሾኩ በውስጡ ካለፈ እንደ ላዳ ነው። ሞላ የሚባል ነገር ጨርሶ ካልታየ ግን ከብራቾው ተነስቶ ወደ ኋላ በሻንሲው ሥር የሚዘረጋ ድፍን ክብ ዘንግ ፈልጉ። እሱ ቶርሽን ባር ነው፤ ብረቱ እየተጠመዘዘ የሞላን ሥራ ይሠራል። ድርብ ብራቾ ከሌለ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወፍራም አክስል ከታየ ደግሞ ነገሩ የጭነት መኪና ወይም የእውነተኛ ገጠር መኪና ነው።

ኋላው ከመከላከያው በስተኋላ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚታየው። ከጎማ ጎማ የሚደርስ ወፍራም ቱቦ፣ መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ያበጠበት፣ ድፍን አክስል ነው፤ ባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ላይ ነው ወይስ ሞላ ላይ የሚለው ወዲያው ይታያል። ዲፈረንሻል የሌለው፣ ሆኖም ሁለቱን ጎማዎች በተጣጠፈ የብረት ምሰሶ ያያዘ፣ በሁለት ጫፉ ወደፊት በተዘረጉ ክንዶች ከአካሉ ጋር የተንጠለጠለ ከሆነ ቶርሽን ቢም ነው። ሁለቱን የሚያይዝ ምንም ነገር ከሌለና እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ቀጫጭን ዘንጎች ከተያዘ ኋላው ለየብቻ የቆመ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ቶርሽን ቢም መኪና ላይ ሞላው ሾኩን ተጠምጥሞ ስለሚታይ ብዙ ሰው «ስትራት ነው» ብሎ ይወስናል። መለያው ሞላው አይደለም። ሾኩ ሲፈታ ጎማው አቋሙን ይዞ ከቀረ፣ የሚይዘው ሌላ ነገር ስላለ ነው፤ ያ ስትራት አይደለም።

አሁን ወደ መኪኖቹ።

ኮሮላ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ፤ ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1995 የወጣው 110 አካል (110 የሚባለው የኮሮላ ትውልድ) ፊቱም ኋላውም ስትራት ነው። በ2000 ጃፓን ውስጥ የወጣው 120 አካል ፊቱን እንደነበረ ይዞ ኋላውን ቶርሽን ቢም አደረገው። አሮጌው አካል ግን ለሌላ ገበያ ከ2000 በኋላም ተሠርቷል። ስለዚህ ሊብሬው 2001 የሚል ኮሮላ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ባለሱቁ በዓመቱ ብቻ ሲያወርድ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ዓመቱን ሳይሆን የሞዴሉን መለያ ጠይቁት፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ኤኢ111 ወይም ኤንዜድኢ121 የሚል ነገር ታነባላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ሞተሩን፣ ከቁጥሩ ጋር የተጠጋው የመጨረሻው ፊደል የመኪናውን ዘር፣ ቁጥሩ ደግሞ አካሉን ይነግራሉ። ኢ ኮሮላ ነው፤ 111 አሮጌው እግር፣ 121 አዲሱ እግር። ለእግር ዕቃ ከሁሉ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥሩ ነው፤ የሞተሩ ፊደል ለዘይት ማጣሪያ ይጠቅማል።

ሰሌዳው በቀለም ተሸፍኖ ወይም ተነቅሎ ከሆነ ጎንበስ በሉ። የ110 ኋላ ላይ ከእያንዳንዱ ጎማ ወደ መሃል የሚሄዱ ሁለት አግዳሚ ዘንጎችና ወደፊት የሚሄድ አንድ ዘንግ አለ። ሦስቱም በሁለት ጫፋቸው ቦኮላ (የላስቲክ መያዣ) አላቸው፤ በግራና በቀኝ ሲደመር 12 ቦኮላ ማለት ነው። የ120ው ቢም የሚንጠለጠለው በ2 ትልልቅ ቦኮላ ብቻ ነው። ግምገማችንም ከዚሁ ቁጥር ይነሳል። የ110 ኋላ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን አይረብሸውም፤ በኮብልስቶን ላይ ልዩነቱ በወንበር ይታወቃል። ነገር ግን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካ ውስጥ የዋለ 110 ቦኮላዎቹ ጭቃና ውሃ ሲጠጡ ከርመው አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ደግሞ ኋላው ከመዋለል አያድነውም። የ120ው ቢም ለተሳፋሪ ትንሽ ይደርቃል፣ ለኪስ ግን ይቀላል። ገጠር ለሚመላለስና በቅርቡ ጥሩ መካኒክ ለሌለው ሰው እኛ 120ውን እንመርጣለን።

ስለ ቢም ከተነሳ፦ የ110 ኋላ ላይ የጎማው አቅጣጫ ማስተካከያ አለው፤ ተራ ቶርሽን ቢም ላይ ግን የሚዞር ቡሎን የለም። «የኋላውን አላይመንት አስተካክዬልሃለሁ» ተብሎ ለቪትዝ የተከፈለ ገንዘብ ምን እንደተሠራበት መጠየቅ ተገቢ ነው። ቢሙ ከተጣመመ ይቀየራል እንጂ በመፍቻ አይቃናም።

ቪትዝና ሱዙኪ ዲዛየር በአጭሩ፦ ፊታቸው ስትራት፣ ኋላቸው ቶርሽን ቢም። ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ይበቃሉ። ኮብልስቶን ላይ ከፊት በኩል የሚሰማው ቀጭን «ቀጭ ቀጭ» አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ ማያያዣ) ነው፣ ርካሹና ቀላሉ ሥራ። መሪ ሲዞር ከኮፈኑ ሥር የሚመጣ ጩኸት ወይም የሞላ መንቀጥቀጥ የስትራቱ የላይ መቀመጫ ኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ብቻ የሚመጣ ድፍን «ዱብ» የታችኛው ብራቾ ቦኮላ ወይም ቦል ጆይንት ነው፤ ቦል ጆይንቱ ከሆነ ለነገ የሚባል አይደለም። ሾኩን ለመፈተሽ ጥጉን በሁለት እጅ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ አንዴ ወጥቶ መቀመጥ አለበት። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ አልቋል። ሳይወዛወዝም ዘንጉ ላይ ዘይት ከታየ ያው ነው። ደርቆ አቧራ የያዘ የቆየ እርጥበት ግን ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ጠርጋችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ድጋሚ እዩት። ሲቀየር በጥንድ ይቀየራል። የስትራት ሞላ በማጥበቂያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ ከተፈታ ደግሞ ሞላው ሰው ይገድላል፤ በሽቦ አስሮ የሚፈታ ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሃይስ የጎጃም የሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ዶልፊን የሚባለው አሮጌውም፣ አባዱላ የሚባለውም። ሁለቱም ከፊት ድርብ ብራቾ በቶርሽን ባር፣ ከኋላ ድፍን አክስል በባሌስትራ ናቸው። በ2019 የወጣው ኮፈኑ ወደፊት የወጣ ሃይስ ግን ፊቱ ስትራት ሆኗል፤ ኋላው ባሌስትራ ነው። «ሃይስ ነው» ብሎ የፊት ዕቃ ማዘዝ ስለዚህ ዛሬ አይሠራም።

ቶርሽን ባር ለዚህ አገር የተመቸ ነገር ነው። የሚሰበር ጥምጥም የለውም፣ ጭቃ አይዝም፣ ቦታ አይፈጅም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው። በኋለኛው ጫፉ የከፍታ ማስተካከያ ቡሎን አለው፤ ፊቱ ሲዘቀዝቅ ሹፌር «አጥብቅልኝ» ይላል፣ መካኒኩም ያዞራል፣ መኪናው ከፍ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ባሩ ግን አልጠነከረም። ጥንካሬው በውፍረቱና በርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ቡሎኑ የሚቀይረው መነሻውን ብቻ ነው። ከልክ በላይ ሲነሳ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ ብራቾው የስቶፐሩን (የማቆሚያውን) ላስቲክ መምታት ይጀምራል፣ ቦል ጆይንቱ በጠማማ አንግል ይሠራል፣ ጎማውም በአንድ ጠርዙ ይበላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ቁልቁለቱ ከፍሬን ጋር ክብደቱን ሁሉ ወደፊት ያመጣል፣ መሬቱ የሚንሸራተትበት አስፋልት ደግሞ ሞገድ ሠርቷል። ከልክ በላይ የተነሳ ሃይስ እያንዳንዷን ሞገድ በብረት ይቀበላል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ባዶ መኪና፣ ደልዳላ መሬት፣ እኩል የጎማ አየር። ከጎማው መሃል እስከ ላይኛው የአካሉ ጠርዝ በሜትር በግራም በቀኝም ይለካ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ ቦኮላውና ብራቾው ይታዩ፤ የላላ ቦኮላን በቡሎን ማካካስ በሽታ መደበቅ ነው። ቡሎኑ የሚዞረው ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ከዝገት ተጸድቶና ዘይት ተቀብቶ ነው። ከዚያ መኪናው ወርዶ ትንሽ ተነድቶ እንደገና ይለካል፤ ወዲያው የተነበበ ቁጥር ውሸት ነው። ባሮቹ የግራና የቀኝ ምልክት አላቸው፤ ሲፈቱ ከተቀያየሩ በማይገባቸው አቅጣጫ ይጠመዘዛሉና ይሰበራሉ። ያገለገለ ባር ስትገዙ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ያለውን ምልክት ፈልጉ።

የኋላው ባሌስትራ ለሃይስም ለሃይሉክስም ለአይሱዙ ኤን ፒ አርም ለቅጥቅጡም አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። ኤን ፒ አር ከፊትም ባሌስትራ ነው፤ በእሱ ላይ መለየት የሚባል ችግር የለም። የሚታየው ነገር ሌላ ነው። ቅጠሎቹን ከጎን ቁጠሩ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። በቅጠሎቹ መሃል የዝገት መስመር ቀይ ሆኖ ከታየ እዚያ ስንጥቅ ፈልጉ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ከላሉ መሃሉን የያዘው ቡሎን ብቻውን ይሸከማል፤ እሱ ሲቆረጥ አክስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከኋላ የሚከተለው ሹፌርም መኪናው በጎኑ የሚሄድ ይመስለዋል። ማረጋገጫው ሜትር ነው፦ ከኋላው ጎማ መሃል እስከ ባሌስትራው የፊት ማሰሪያ በሁለቱም ጎን ለኩ። አዲስ ዩ ቦልት ተገጥሞ ጥቂት ጭነት ከተሄደበት በኋላ ድጋሚ መጠበቅ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው። እህል ለመጫን ተብሎ የሚጨመር ቅጠል ደግሞ ባሌስትራውን አድርቆ የመንገዱን ምት ወደ ሻንሲውና ወደ ማሰሪያው ያሳልፈዋል፤ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይዘላል፣ ሾኩም ቶሎ ያልቃል። ጭነት ላይ ብቻ ለሚሠራ ኤን ፒ አር እናልፈዋለን፤ ሰው ለሚጭን ቅጥቅጥ ግን አንመክርም።

ላንድክሩዘር 70 ላይ ያለው ስህተት ከኮሮላው ይብሳል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ያታልላል። ወን ኤችዜድ ሞተር በአሮጌው ኤችዜድጄ75 ላይም፣ ከ1999 ጀምሮ በመጡት ኤችዜድጄ78 እና 79 ላይም አለ። ባለመኪናው «ወን ኤችዜድ ነው» ሲል ባለሱቁ ምንም አልተነገረውም። 75ቱ ፊቱ ባሌስትራ ነው፤ 78ቱና 79ኙ ፊታቸው ድፍን አክስል ሆኖ በጥምጥም ሞላ ላይ ነው። ኋላው በሁሉም ባሌስትራ። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከፊት መከላከያው ሥር ተመልከቱ። የባሌስትራው ጫፍ በሻንሲው አፍንጫ ላይ ታስሮ ከታየ አሮጌው ነው፤ እሱ ጠፍቶ ከአክስሉ ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ወፋፍራም ክንዶችና ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥ አንድ ዘንግ ካለ አዲሱ ነው። ያ አቋራጭ ዘንግ ቦኮላው ሲለቅ ጉድጓድ በመታ ቁጥር መሪው በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው ጎማ ሚዛን ያስደርጋል፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ) ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ ነው ወደ ዘንጉ የሚመጣው። ከእሱ ጀምሩ።

ለሞጣ፣ ለደብረ ኤልያስና ለመሳሰሉት አካባቢዎች ገጠር ቀበሌዎች ከ78ና 79 የተሻለ እግር አላየንም፤ ምቾቱ ግን ከባድ ነው፣ ያንን አናስመስልም። የ100 አካል ላንድክሩዘርም ሁለት መልክ አለው። 100 ተብሎ ፊቱ ለየብቻ የቆመ በቶርሽን ባር፣ 105 ተብሎ ፊቱ ድፍን አክስል በጥምጥም ሞላ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከፊት ሥር ጎንበስ ብሎ የዲፈረንሻሉን ሁለት ጎን ማየት ነው፦ ቱቦው ሳይቋረጥ እስከ ጎማው ከደረሰ 105፣ በላስቲክ ሽፋን የተያዙ የሚታጠፉ ሴሚያሴዎች (ጎማውን የሚያዞሩ ዘንጎች) ከወጡለት 100።

ላዳ እየቀነሰ ቢሆንም ስላለ ብቻ፦ ከፊት ድርብ ብራቾ፣ ከኋላ ድፍን አክስል በጥምጥም ሞላ፣ አራት ወደ ፊት የሚሄዱ ዘንጎችና አንድ አቋራጭ ዘንግ። የኋላው ዘንጎች ቦኮላ ነው የሚያልቀው፤ ርካሽ ነው፣ ማንም ይቀይረዋል።

ኤሌክትሪኮቹ አዲስ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ቮልስዋገን አይዲ 4 ከፊት ስትራት፣ ከኋላ መልቲ ሊንክ ነው፤ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ በበርካታ ዘንጎች ይያዛል፣ ስለ 110 ኮሮላ ቦኮላ ያልነው ሁሉ እዚህ ይበዛል። ቢዋይዲ ሲጋል ቶርሽን ቢም ነው። ቢዋይዲ ዶልፊን ግን እንደ ደረጃው በቶርሽን ቢምም በመልቲ ሊንክም ይመጣል፤ በስልክ «የዶልፊን የኋላ ሾክ» ብሎ የሚያዝ ሰው ሃይሱን ነው ወይስ ቢዋይዲውን፣ ቢዋይዲውም ከሆነ የትኛውን እንደሆነ ለባለሱቁ አልነገረውም። ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የሾኩን የላይ ማሰሪያ፣ የታች ማሰሪያውን፣ የኋላውን እግር ሙሉ በሙሉ ከኋላ። የታች ማሰሪያው ዓይን ነው ወይስ ሹካ፣ የላዩ አንድ ዳዶ ነው ወይስ ሁለት፣ ሁሉም በፎቶው ይታያል። እነዚህ መኪኖች ባትሪያቸው ወለላቸው ሥር ስለተዘረጋ ክሪክ የሚገባው አምራቹ በጎኑ ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው፤ ጎሚስታው በለመደው መሃል ላይ ካስገባ ጎማ ሊቀይር መጥቶ የባትሪ ሽፋን ይሰነጥቃል።